ካርቶኑ ላይ የጻፍኩት ስም

ጥቅምት 6
ጉርድ ሾላ ዛሬም ተጨናንቋል። ፋርማሲ ገባሁ፣ ጋውኔን ለበስኩ፣ መደርደሪያ ወለወልኩ። ጉንፋን፣ ጨጓራ፣ ደግሞ ጉንፋን... ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ አልሸጥም ስል የሰደበኝ አልጠፋም። ለምጄዋለሁ።

ጥቅምት 9
ገንዘቤ መጣች! አላወቀችኝም። እኔ እንዴት እረሳታለሁ?
ልብስ ፋብሪካ የእህቴ የደሪቱ አለቃ ነበረች። ደሪቱ የአራት ወር እርጉዝ ሆና ደም ሲፈሳት፣ ሐኪም ቤት ልሂድ ብላ ለመነቻት። "ሁላችሁም እንዲህ ነው የምትሉት። ተቀመጪና ስፊ!" ከሥራ ወጥታ ሐኪም ቤት ስንደርስ ረፍዶ ነበር። ልጁን አላተረፉልንም።
ዛሬ ማዘዣ ዘረጋችልኝ። ፅንስ እንዳይወርድ የሚታዘዝ ኪኒን።
"እህቴ፣ ሁለቴ ወርዶብኛል። ይሄኛው እንዳይሄድብኝ..."
መድኃኒቱ ከኋላዬ ነበር።
"የለም" አልኳት።

ጥቅምት 10
ደህና እንቅልፍ ተኛሁ። ለምን አልተኛም?

ጥቅምት 11
ተመልሳ መጣች። "የቦሌን ፋርማሲ ሁሉ አዳረስኩት።" ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አሁንም የለም አልኳት፤ ከመጣ ደውይልኝ ብላ ማዘዣውን ትታልኝ ሄደች። ደስ አለኝ... አዎ፣ ደስ አለኝ። ማንን እዋሻለሁ?
ማታ ቡልቡላ ቤት ገብቼ ለደሪቱ ነገርኳት። ታቅፈኛለች ብዬ ነበር። አፈጠጠችብኝ።
"ሆዷ ውስጥ ያለው ምን አደረገሽ?"
ቦርሳዬን አስቀመጥኩ።
"ስጫት። ግን ካርቶኑ ላይ ስሜን ጻፊበት። በዋጠች ቁጥር ታንብበኝ።"

ጥቅምት 12
ማዘዣው ላይ ባለው ስልክ ደወልኩላት፤ እየሮጠች መጣች። ለሁሉም እንደማደርገው አወሳሰዱን ካርቶኑ ላይ ጻፍኩ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ከሥሩ በትልቁ... ደሪቱ።
አነበበችው። ፊቷ አመድ መሰለ።
"ምኗ ነሽ?"
"እህቷ። እንዳታቋርጪ።"

ኅዳር 11
ገንዘቤ የሚቀጥለውን ወር ልትወስድ መጣች። ሆዷ ትንሽ ገፍቷል። ቀና ብላ አላየችኝም።
"ባሌ ደሪቱ ማናት አለኝ።"
"ምን አልሽው?"
"እውነቱን ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ በቅጡ አያናግረኝም።"
እስክሪብቶ አነሳሁ።
"እባክሽ... እዚህኛው ላይ ተዪው።"
ጻፍኩት።
ስትወጣ ለደሪቱ ደወልኩ።
"ፅንሱስ?" አለችኝ፣ ሌላ ሳትጠይቅ።
"ደህና ነው።"
"ተመስገን!" ከልቧ ነበር። ቀጥላ፣ "ሄሊ፣ በቃ። ከእንግዲህ አትጻፊባት።"
ስልኩን ዘጋሁባት።