በውርጭ ሰሞን ምንጩ ላይ

ታኅሣሥ 5፣ ጠዋት 1 ሰዓት
ዛሬም ውርጭ። የእንሰቱ ቅጠል እሳት የነካው መስሏል። የላይኛው ኩሬ በረዶ ለብሷል፤ በከዘራዬ ብመታው እንደ መስታወት ተሰነጠቀ። ያልቀዘቀዘው ከጓሮዬ በታች ያለው ምንጭ ብቻ ነው። ማለዳ ማለዳ እንፋሎት ያወጣል። ድኩላዎቹ ጎህ ሲቀድ ከጫካው የሚወርዱት ለዚህ ነው። ትናንት አንዲት እንስት ከነግልገሏ አየሁ።

የወንድሜ የወልዴ ልጅ ሽመልስ ከወልቂጤ ደወለ። ለአደን ሊመጣ ነው፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር። በገና ጾም! ሥጋውን ማን ይበላዋል ብዬ ጠየቅሁ። ቋንጣ አድርጎ ለበዓሉ ሊያቆየው ነው። "እትዬ፣ መግደል እኮ ጾም አያስገድፍም" አለኝ። አርባ ዓመት የሞላው ሰው። ስልኩን ዘጋሁት።

ታኅሣሥ 7፣ 12 ሰዓት ማታ
መጡ። ሦስቱም የወታደር ጃኬት ለብሰዋል፤ ወታደር የነበረ ግን አንድም የለ። አንደኛው በሽቶ ተነክሯል። ድኩላ ሊያድን! አባታችን አደን ሊወጣ ሲል ሦስት ቀን ሳሙና አይነካም ነበር፤ ነፋሱንም አመድ በትኖ ነበር የሚያየው። እነዚህ ስልካቸውን ያያሉ።

ጠመንጃው የሽመልስ ነው። ፈቃዱን ጠየቅሁ። የመሣሪያው አለ፣ የአደኑ የለም። "ማን ያየናል፣ እትዬ?" ፊት ለፊቱ ተቀምጬ! የጫማቸውን ጭቃ ሳያራግፉ ገቡ። መኝታ ሰጠኋቸው፤ ለወልዴ ስል ብቻ።

እቅዴ፦ ነገ ቀድሜያቸው እነሳለሁ፤ አጥሩ ጥግ ቆሜ ብረት ድስት እደበድባለሁ። ድኩላዋ ትሸሻለች። እነሱ በብርድ ተቆራምደው ባዶ እጃቸውን ይግቡ።

ታኅሣሥ 8፣ ረፋድ 4 ሰዓት
ጽሕፈቴን ታገሰኝ፣ ደብተሬ። እምድብር ት/ቤት መነኮሳይቱ ሲስተሮች በማስመሪያ ጣቴን እየመቱ እንዳስተማሩኝ፣ በቅደም ተከተል ልጻፍ።

በደንብ አልነጋም። ድስቱን ይዤ አጥሩ ጋ ደረስኩ። ቀድመውኛል። ሽመልስ ቋጥኙ አጠገብ ተንበርክኮ አነጣጥሯል። እንፋሎቱ ውስጥ ቡናማ ነገር አጎንብሷል። ድስቱን ሳላነሳ ተኮሰ።

ድኩላ አይደለም። ዘይነባ ናት፣ ጎረቤቴ፣ ቡናማ ብርድ ልብሷን ተከናንባ። ለማለዳው የሱብሂ ሶላት ልትታጠብ፣ ውዱእ ልታደርግ ውሃ ትቀዳለች። ጥይቱ ጀሪካኑን በሳው። እሷ በድንጋጤ ወደ ኋላ፣ በረዶ የያዘው ድንጋይ ላይ ወደቀች። ቀኝ ክንዷ ተሰበረ። "ያ አላህ! ምን አደረግኳችሁ!" ስትል ጮኸች።

ሽመልስስ ምን አለ? "በዚህ ብርድ ሰው ይመጣል ብሎ ማን ያስባል!" የእኛ ቤት ሴቶች በውርጭ ሰሞን ፀሐይ ሳትወጣ ውሃ አይወርዱም፤ እሱን ያውቃል። ግማሹ መንደር ሱብሂ እንደሚሰግድ ግን ጠፋው። እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ አድጎ!

ባሏ ከድር በሞተር ሳይክል ወደ ቡታጅራ ይዟት ወረደ።

ታኅሣሥ 9
ዘይነባ ክንዷ በጄሶ ታስሮ ተመለሰች። የእንሰት መፋቂያ ወቅት ነው። በአንድ እጅ እንሰት አይፋቅም።

ሽመልስ አዲስ ታሪክ አወጣ። የተኮሰው ጅብ ላይ ነው፣ ከምንጩ ማዶ። እሷ በራሷ አዳልጧት ወደቀች። ጀሪካኑስ? ጀሪካን የሚባል አላየም። ያ ባለሽቶው ጓደኛው አንስቶ መኪናቸው ውስጥ ሲከተው በዓይኔ አይቻለሁ። አስተማሪ ሳለሁ ይህን ውሸት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ቢያመጣልኝ ቀድጄ እንደገና አስጽፈው ነበር።

ታኅሣሥ 10
ወልዴ መጣ። እሑድ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ከሦስቱ ሌላ ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ። ጅቡን እንድመሰክር ይፈልጋል። "እታለም፣ የወንድምሽ ልጅ ነው። ይታሰራል እኮ!" ይታሰር አልኩት። አለቀሰ። ሰባ ዓመቱ ነው። ናቅሁት፤ ቀጥሎ አዘንኩለት፤ አፍንጫውን በጋቢው ሲጠርግ መልሼ ናቅሁት።

መንደሩ ዘይነባን ውሸታም ማለት ጀምሯል። የሦስት ወንዶች ቃል በአንዲት ሴት ቃል ላይ።

ታኅሣሥ 11፣ ከሰዓት
ልጠይቃት ሄድኩ። "ቲቸር፣ እርስዎ አይተዋል አይደል? እኔ አብጃለሁ እንዴ? ጀሪካኑ ከእጄ ዘሎ ሲሄድ አላውቅም?" አይቻለሁ አልኳት። "አልሐምዱሊላህ!" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ድኩላ መሰልኩት አሉ። በዚህ ውፍረቴ!" ከድር ሳቀ። እሷም ስትስቅ ክንዷን አመማት። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ቶሎ ተነሳሁ።

ካንተ የደበቅሁት አለ፣ ደብተሬ። በሰባተኛው ቀን ማታ፣ የመጡ ዕለት፣ ሽመልስ ጠይቆኝ ነበር፦ ከፀሐይ በፊት ምንጩ ጋ የሚወርድ ሰው አለ ወይ? እግሩን ወንበሬ ላይ ሰቅሎ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። ቀና ብሎ በወግ ሲጠይቀኝ እመልስለታለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ቀና አላለም። እኔም አልመለስኩም። ዝምታዬን "የለም" ብሎ ወሰደው።

ዘይነባ በየማለዳው በደጄ ታልፋለች። ጀሪካኗ አጥሬን ሲነካ እሰማለሁ፣ ስንት ዓመት። ለድኩላዋ ድስት አዘጋጀሁ። ለዘይነባ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

የናቅሁት እሱን ነበር። የተሰበረው የእሷ ክንድ ነው።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ፣ ጠዋት 2 ሰዓት
አልተኛሁም። ነጠላዬ ተዘጋጅቷል።

ወስኛለሁ። ሁለቱንም እናገራለሁ፤ መጀመሪያ የራሴን። የሽመልስን ካስቀደምኩ የራሴን ለመናገር ወኔ አይተርፈኝም፤ ራሴን አውቃለሁ። ወልዴ ከእንግዲህ ቤቴን አይረግጥም። ዘይነባም ሰምታ ፊቷን ብታዞርብኝ መብቷ ነው።

ወልዴ ደጅ ቆሟል፤ ጅቡን የምመሰክርለት መስሎታል። "ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፣ ምን ትጽፊያለሽ?" ይለኛል። "የምናገረውን" አልኩት። ደስ አለው፣ ሞኙ።

አንተንም ይዤህ እሄዳለሁ። እስከ ዛሬ ሰው አንብቦህ አያውቅም። ሽምግልናው ላይ አሮጊት ነች፣ ተምታቶባት ነው የሚል ቢነሳ፣ የስምንተኛውን ቀን ጮክ ብሎ ያንብብ። የአሥራ አንደኛውንም፣ የራሴን ጥፋት።