የበረዶው ፊልም መጨረሻ አይወጣም

መተማ ዮሐንስ
መጋቢት 19 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለልጅነት ባሌ ለአምባው፣ ገዳሪፍ፣ ሱዳን፤

እንዴት ሰነበትህ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልህ ለደብዳቤ ወግ አይደለም፣ በእውነት ደህና ነኝ። ሙቀቱ ግን ዘንድሮ ሰው አያስቀምጥም፤ ድመቷ እንኳ ከእንስራው ሥር ነው የምትውለው። የላክኸው ሳሙናና ሽቶ ደርሶኛል። ሳሙናውን ወድጄዋለሁ። ሽቶውን ለመንበረ ሰጠኋት፤ እኔን ያስነጥሰኛል። ድሮ ይህን ታውቅ ነበር።

ወደ ነገሩ ልግባ። ስብሰባ እንደተጠራሁ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገዳሪፍ ገብቶ ኖሮ፣ በሽንኩርት ነጋዴዋ በረቢዓ የላክኸው ቃል ደረሰኝ። መቼም ታውቃታለህ፣ ሽንኩርቷን ከአህያው አውርዳ ሳትጨርስ ነው የነገረችኝ። ከማን ጋር ፊልም እንዳየሽ ከጠየቁሽ ስማቸውን ስጪና ተገላገይ፣ ከዚያ ወደዚህ ተሻገሪ ብለሃል። አልሰጠሁም። እንዴት እንዳልሰጠሁ ቁጭ ብለህ ስማኝ።

መነሻው ያ ሥዕል ነው። ሷሊህ ከድንበሩ ማዶ ጋላባት ላይ ነጩን አንሶላ ወጥሮ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ፊልም ባሳየ ቁጥር በር ላይ የሚለጥፈውን የዚያን የፊልም ጀግናችንን የአቡ ሻንጣን ሥዕል ለምኜ ወስጄ፣ ሻይ ቤቴ ውስጥ ከውሃ በርሜሉ በላይ ለጥፌው ነበር። ከረባቱን አስሮ፣ ባንድ እጁ ሻንጣውን፣ በሌላው ሽጉጡን ይዞ። ከጎንደር የመጣው አዲሱ ካድሬ፣ ጓድ ደምለው የሚሉት፣ ጺሙ ገና በቅጡ ያልበቀለ ልጅ፣ ሻይ ሊጠጣ ገብቶ ዓይኑ አረፈበት። ማነው ይሄ አለኝ። የፊልም ሰው ነው፣ ሰላይ ነው አልሁት። እውነቱን ነዋ የተናገርሁ! ሰላይ ስል ብርጭቆውን አስቀመጠ። ለማን ነው የሚሰልለው ሲለኝ፣ እሱን እንጃ ጓድ፣ ጽሑፉ በአረብኛ ነው፣ ግን ሁልጊዜ ያሸንፋል አልሁት። ጥፋቴ ይኸው ነው።

በሳምንቱ የቀበሌው ሰው ሁሉ ተጠራ። ታንጉ የኢምፔሪያሊስት ሰላይ ፊልም ለማየት ድንበር እየተሻገረች ነውና ግለ ሂስ ታድርግ፣ አብረዋት የሚሄዱትንም በስም ትጥቀስ ተባለ። በስም መጠቀስ ምን እንደሚያስከትል አንተም እኔም እናውቃለን። አምና ስብሰባ ላይ ስማቸው የተጠራ የሰሊጥ ነጋዴዎች ወደ ጎንደር ተወስደው እስካሁን ወሬያቸው የለም። ሚስቶቻቸው በየሳምንቱ አውቶቡሱን ወጥተው ያያሉ።

ደግሞስ ማንን ልጥራ? አንተ ከትራክተርህ ወርደህ የጠፋህ ሰሞን፣ ከማን ጋር ይውል ነበር፣ በየት በኩል ወጣ እየተባለ ያልተጠየቀ ሰው የለም። ያው ፊልም አብረውን የሚያዩት ናቸው፣ ከአንተ ጋር ባንድ ምንጣፍ የተቀመጡት። አንዳቸው ትንፍሽ አላሉም። አንተ ገዳሪፍ የገባኸው በእነሱ ዝምታ ነው። ስማቸውን ስጪ ያልኸኝን፣ ሙቀቱ ነው ያናገረው ብዬ አልፌልሃለሁ። ሁለተኛ ግን እንዳትለኝ።

እሁድ ጧት፣ ሆን ብለው በቅዳሴ ሰዓት፣ ከሰሊጡ መጋዘን ውስጥ አጎሩን። ከላይ የቆርቆሮው ግለት፣ ከታች የሰው ላብ። እኔን ከፊት አቆሙኝ። ጸሐፊው ወረቀቱን ዘርግቶ ስም ይጠብቃል። ጓድ ደምለው ምን ምን አየሽ፣ ከማን ጋር አየሽ አለኝ። ያየሁትን ላስቀድምልዎ አልሁት። ወደ ስሙ ሳንደርስ እንዲመሽ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ብልሃት አልነበረኝም።

እንደ ተማሪ ደረጃ አወጣሁላቸው። የአቡ ሻንጣ ፊልም ያየሁት አምስት ነው፣ አንደኛ የመርከቡ ነው አልሁ። የመርከቡን ታስታውሰዋለህ፤ ያ ሁሉ ከረባት ያሰረ ሰው ካርታ ሲጫወት የሚያመሽበት፣ ጥይት የሚተኮሰው ሊያልቅ ሲል ብቻ፣ አንተም ከወንዶቹ በኩል ሆነህ እንቅልፍ ይዞህ በሰው ትከሻ ላይ የተጋደምህበት። ለምን አንደኛ እንዳልሁት እንጃ፤ ምላሴ ላይ የመጣው እሱ ነው። ሁለተኛ የባቡሩ፣ ሦስተኛ የደሴቱ አልሁ። ከኋላ መጉረምረም ሰማሁ። ሰዉ ሞቆት ነው ብዬ ቀጠልሁ። አራተኛ ያ ሷሊህ ጥቅሎቹን አዛብቶ ያሳየን፣ ክፉው ሰውዬ መጀመሪያ ሞቶ ኋላ ተነሥቶ የሚበላ የሚጠጣበት። መጨረሻ የበረዶው ነው አልሁ።

አምባው፣ የበረዶው እኮ! መሬቱ እንደ ምጣድ በጋለበት በሚያዝያ ያየነው፣ ያን ነጭ ተራራ ስናይ ሴቶቹ ሁሉ ነጠላችንን የተከናነብንበት፣ አንዱ ሽማግሌ ጋቢ ከቤት ያስመጣበት። ሷሊህን ሌላ እንዳያሳይ ይዘነው ገበያ በመጣ ቁጥር እየደጋገመ ያሳየን።

ከዚያ ከበሩ አጠገብ ጠመንጃውን ታቅፎ የቆመው ፈንቴ፣ የአብዮት ጥበቃው፣ ሰው ሲያስር እንኳ ድምፁ የማይሰማው ፈንቴ፣ «ኧረ ታንጉ፣ ከፈጣሪ ተጣልተሻል እንዴ? የበረዶው እንዴት መጨረሻ ይወጣል?» አለ።

መንበረ ዞር ብላ ገላመጠችው። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር አይደለች፣ ልትገሥጸው መሰለኝ። «እሱስ ይሁን» አለችው፤ «ሞቶ የተነሣውን አራተኛ ማለቷንስ ተውህላት?»

ያኔ ገባኝ፤ ማየታቸውን በገዛ አፋቸው እየተናገሩ ነው። እንዲያውም እልህ ያዘኝና፣ የበረዶው ምኑ ነው፣ ነጭ ነገር ላይ መንሸራተት አይደለም ወይ፣ የእኛ ልጆች በክረምት በጭቃው የሚያደርጉት ነው አልኋቸው። መጋዘኑ ተነሣ። አንዱ ስለ ባቡሩ ይምላል፤ አንዱ መርከቡን ይራገማል፤ ካርታ ለማየት ነው ወይ ጋላባት ድረስ የሄድነው ይላል። አንዱማ ከግድግዳው ሁለት መንሽ አንሥቶ፣ አቡ ሻንጣ ቁልቁለቱን እንዴት እንደሚወርድ ወገቡን ሰብሮ አሳየ። ወገቡን የሰበረው ልክ አይደለም ብለው ደግሞ ሌሎች አረሙት። ድንበሩን ያልተሻገረ ሰው በዚያ ቀበሌ ውስጥ ቄሱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ እሳቸውም ቅዳሴ ላይ ስለነበሩ አልተጠየቁም።

ጓድ ደምለው ጸጥታ እያለ ጠረጴዛውን ቢደበድብ ማን ይስማው። ኋላ ወደ ጸሐፊው ዞሮ የተናገረውን ሁሉ በስም ጻፍ አለ። ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ፣ «ከማን ልጀምር ጓድ? ከፈንቴ ነው ከመንበረ?» አለው።

የሚያስረው ፈንቴ፣ ባሰረው ላይ የምትመሰክረው መንበረ። ልጁ ላቡን ጠረገ። ማንን በማን ያስር? ወደ እኔ መጣ፤ አንቺ ግን አሁንም ስም አልሰጠሽም አለኝ። ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣ «ከማን ጋር እንዳየሁ አልናገርም ጓድ» አልሁት። «ነገም ብትጠይቁኝ አልናገርም። የራሱን የሚናገር ካለ ይኸው፣ አፉ የራሱ ነው።» እንዲህ ማለቴን አሁን ስጽፈው ራሴን ያስገርመኛል። ያኔ ግን ከአፌ ሲወጣ እንደ ውሃ ነው የቀለለኝ።

በመጨረሻ ቀበሌው ባንድነት ግለ ሂስ አደረገ ተብሎ ተጻፈና ተበተንን። እንዲያው ለእኔ ሳይተርፍ አልቀረም። ሥዕሉን ቀደው አቃጠሉት፤ ሻይ ቤቱንም እስከ ሰኔ አሸጉት። የታሸገው በሩ ነው፤ ጀበናውና ማንቆርቆሪያው ከእኔ ጋር ናቸው። ከቤታችን ደጅ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ምድጃ ተክዬ አፈላለሁ። በማግሥቱ መጀመሪያ የመጣው ፈንቴ ነው። ጠመንጃውን ከጉቶው አስደግፎ ተቀመጠና፣ እስኪ በሥላሴ፣ የምርሽን ነው ወይ የመርከቡን አንደኛ ያልሽ አለኝ። አልመለስሁለትም፤ ይጨነቅ።

ረቢዓን ልብስህን ማን እንደሚያጥብልህ ጠየቅኋት። ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራችኝ። ብዙ አወራችኝ። እኔም አላቋረጥኋትም።

ተሻገሪ ላልኸው፣ አልመጣም። ፈርቼ አይደለም፤ ተቀይሜም ከሆነ ያ የእኔ ጉዳይ ነው። ለአንተ አፋቸውን የዘጉ፣ ለእኔ ደግሞ አፋቸውን የከፈቱ ሰዎች ያሉት እዚህ ነው። እነሱን ለካድሬ ትቼ ገዳሪፍ ምን ላደርግ ነው፣ በሰው ቤት ጥግ ላይ ልቀመጥ?

ጋላባትን ግን ማንም አይከለክለኝም። ሷሊህ ከፋሲካ በኋላ አዲስ የአቡ ሻንጣ ፊልም ያመጣል ይላሉ፤ ሰውየውም ተለውጦ ሌላ መልክ ሆኗል ይላሉ። ለመሻገር ወረቀት ያስፈልጋል የሚል አዋጅ ወጥቷል። ኮሩ፣ የድንበሩ ፈፋ፣ በዚህ ወር ደረቅ ነው፤ ውሃ የሌለው ወንዝ ወረቀት አይጠይቅም። እሄዳለሁ። ሴቶቹ እንደ ድሮው በግራ በኩል ነን። ከገዳሪፍ እስከዚያ መኪና አለ፤ ከፈለግህ መጥተህ በቀኝ በኩል ተቀመጥ። ስንተኛ እንደሚወጣ ሲያልቅ እንከራከራለን። ሌላ ነገርም ካለህ ፊት ለፊት ትነግረኛለህ፤ በረቢዓ አትላክብኝ፣ ምስኪን፣ ውሸት አትችልም።

ቅዱስ ዮሐንስ ከወባ ይሰውርህ። ትራክተሩም አይገልብጥህ። ልብስህን የሚያጥብልህ እጅም አይታመም።

አይደለሽም እስክትለኝ ድረስ ሚስትህ፣
ታንጉ