ፊቴን ከግድግዳው አላወርድም

ለታላቅ ወንድሜ፣

ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጣ የሚቆረጥምህ የቀኙ ነበር ወይስ የግራው? ስኳርህስ ልክ ገባልህ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ አማትህ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? ሰላምታዬ ከአንተ ይጀምር እንጂ በአንተ አያልቅም፤ የሌሎቹን ድርሻ ከታች አስቀምጬላቸዋለሁና እንዳትወስድባቸው። እኔ ደኅና ነኝ። ወገቤ ጎንበስ ስል ይጮኻል፣ ቀና ስል ዝም ይላል፤ ስለዚህ ሰሞኑን ቀና ማለት አብዝቻለሁ።

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈላት ብለህ አትድከም፤ እኔው ነኝ። ፊደሉ ወዲያና ወዲህ ቢንጋደድ እጄ ስለዘገየ ነው እንጂ ነገሬ አልተንጋደደም። በአምሳ ሰባት ዓመቴ ነው የጀመርኩት። የኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በምሳ ሰዓት፣ እኔ ወለሉን ጠርጌ እሷ መጽሐፉን ደርድራ ስንጨርስ፣ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ሁለት ዓመት ሙሉ አስተማረችኝ። ለአንተ አልነገርኩህም። አንተም አልጠየቅከኝም። ባለፈው ሳምንት ቁጣህን በስልክ ድምፅ ቀርጸህ የላክኸው ለዚህ ይመስለኛል፤ ብጽፈው ማን ያነብላታል ብለህ። ሦስት ጊዜ አዳመጥኩት። ድምፅህ አርጅቷል ጋሼ፤ ቁጣህ ግን እንደ ጎረምሳነቱ ነው።

«በስተርጅናሽ የአጋንንት ፊልም ውስጥ ገብተሽ፣ ፊትሽን ፖስተር ላይ ማስፈራሪያ አድርገሽ፣ የአባታችንን ስም ከሥሩ አስጽፈሽ አዋረድሽን» ብለሃል። «እስከ ሐሙስ ይነሣ፤ ፊትሽ እንኳ ባይሆን የአባታችንን ስም አስፍቂው» ብለሃል። ሰማሁህ። አሁን ደግሞ አንተ ስማኝ፤ ነገሩ እንዴት እንደመጣ ሳልነግርህ እንቢ ብልህ ለእኔም ደስ አይለኝም።

የምሠራበትን ታውቃለህ፤ የኮሌጁ ሦስተኛ ፎቅ የእኔ ነው። አምስት ክፍል፣ ሁለት መጸዳጃ ቤት፣ አንድ ረጅም ኮሪደር። በመጨረሻው ክፍል ፊልም የሚማሩ፣ ዘንድሮ የሚመረቁ ልጆች የአስፈሪ ፊልም ይሠራሉ። ፊልሙ የአንድ የተማሪዎች ማደሪያ ቁልፍ ሁሉ በእጇ ስላለ አሮጊት ነው፤ ስሙም «ቁልፍ ያዥዋ» ይባላል። ፊልሙ ገና ሳይታይ ሰው እንዲጓጓ ቀድማ የምትወጣ የሁለት ደቂቃ ቁራጭ አለች፤ ትሬለር ይሏታል። ድስቱ ሳይወጣ በጭልፋ ማቅመስ በለው። እሷን ለማቀድ ግድግዳውን በትንንሽ ወረቀት ሞልተውት ነበር። በአንዱ «ባዶ ኮሪደር»፣ በአንዱ «የሚንጠባጠብ ቧንቧ»፣ በሌላው «የቁልፍ ድምፅ»፣ በሌላው «የአሮጊቷ ፊት» ተብሎ ተጽፏል። ወረቀቶቹ የተደረደሩበት ተራ ትሬለሩ የሚሄድበት ተራ ነው።

አንድ ጠዋት ወለሉ እንዲደርቅልኝ መስኮቱን ብከፍት ነፋስ ገባና ወረቀቱን ሁሉ አረገፈው። ደነገጥኩ። ድሮ ቢሆን ጥግ ላይ ከምሬ እንዳላየ አልፍ ነበር፤ የማላነበው ወረቀት ሁሉ ለእኔ ወይ ቆሻሻ ነው ወይ ትእዛዝ። ያን ቀን ግን ተንበርክኬ አንድ በአንድ አነበብኩት። ቁጥር የለውም። እንዴት ተደርድሮ እንደነበር ልብ አላልኩም ነበር፤ ስለዚህ እኔ በገባኝ መልሼ ለጠፍኩት። የአሮጊቷን ፊት መጨረሻ አደረግኩት። የሰው በር ስናንኳኳ መጀመሪያ የሚመጣው ኮቴ ነው፤ ቀጥሎ ቁልፉ ይንቀጫቀጫል፤ ቀጥሎ በሩ ገርበብ ይላል፤ ፊት የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ሌላ ምን አውቃለሁ?

ከሰዓት በኋላ የልጆቹ አለቃ መጣች። ኮፍያ ከራሷ ስለማይወርድ ባለ ኮፍያዋ ይሏታል። «ግድግዳችንን የነካው ማነው?» ብላ ስትጮህ፣ የምባረር መስሎኝ መወልወያዬን እንደ ምርኩዝ ይዤ ቀረብኩና የነፋሱን ነገር ተናገርኩ። እሷ ግን ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየችው፣ ተመልሳ ደግሞ አየችው። ለካ እነሱ ፊቱን መጀመሪያ አድርገውት ኖሮ፣ ከዚያ ወዲያ የሚያስፈራ ነገር አልቆባቸው ሦስት ሳምንት ሲጨቃጨቁ ከርመዋል። «እማማ፣ ፊልም ተምረዋል እንዴ?» አለችኝ። «የሰው በር አንኳኩቼ ቆሜ አውቃለሁ» አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቁማ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር። አሮጊቷን የምትሆንላቸው ሰው ገና አላገኙም ነበር።

በቀረጻው ቀን ሜካፕ የሚቀባው ልጅ ጉንጬ ላይ ጥቁር ነገር ሊለቀልቅ ሲነሣ፣ ባለ ኮፍያዋ «ተዋቸው፣ እሳቸው ያለ ቀለምም ይበቃሉ» አለችው። ስድብ ይሁን ምርቃት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ካሜራ የያዘው ደግሞ ይጩኹልኝ አለኝ። «ልጄ፣ የሚጮህ ሰው ይወጣለታል፤ የሚፈራውስ ዝም ብሎ የሚያይህ ነው» አልኩት። «እሺ፣ ዝም ብለው ይዩን» አለች ባለ ኮፍያዋ። «ግን ዓይንዎ ውስጥ ነገር ይኑር። አንድ የበደለዎትን ሰው ያስቡ።»

አሰብኩ ጋሼ። ማንን እንዳሰብኩ ልንገርህ።

አባታችን ባረፉ በአራተኛው ወር ወረቀት ይዘህ መጣህ። «የቤቱ ጣሪያ እንዲታደስ ማመልከቻ ነው፤ ጣትሽን አሳርፊበት» አልከኝ። አውራ ጣቴን ይዘህ ቀለሙ ላይ ጫንከው፣ ከቀለሙ ወረቀቱ ላይ። እጅህ ለስላሳ ነበር፤ ትምህርት ቤት የዋለ እጅ። ጣሪያው አልታደሰም። በዓመቱ አንድ የማላውቀው ሰው ሜትር ይዞ መጥቶ ግቢውን ሲለካ ምን ፈለግህ ብለው፣ «እርስዎ ድርሻዎን ለወንድምዎ ለቅቀዋል፤ ጣትዎ ይኸውና» ብሎ አሳየኝ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ። እኔ ሞኝ አልነበርኩም፤ ማንበብ አልችልም ነበር እንጂ። ያልቻልኩትም ሁለታችንን ማስተማር ስለማይቻል «እሱ ይማር፣ እሷ ቤት ትዋል» ተብሎ ነው። ያን የወሰኑት አባታችን ናቸው፤ ዘመናቸው ነው፣ አልፈርድባቸውም። በጣቴ የተጫወትከው ግን አንተ ነህ።

ያን ዕለት ልናገረው አቅቶኝ የዋጥኩትን በዓይኔ ለካሜራው ሰጠሁት። ባለ ኮፍያዋ «በቃ» ማለት ረስታ ቆማ ቀረች። የፊልሙን ፖስተር ምስል ለታናሿ ልጅህ የላክሁላት እኔው ነኝ፤ ደስ ብሎኝ ነው፣ እሷን እንዳትቆጣት። ስታሳይህ ገና ማን እንደሆነች ሳታውቅ «ይቺ አሮጊት ደግሞ ምን ታፈጥብኛለች?» አልክ አሉ። ልክ ብለሃል። አንተ ላይ ነው ያፈጠጠችው።

ወደ ስሙ ልመለስ። ፖስተሩን የሚሠራው ልጅ የመጀመሪያውን ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ትቶት ሄዶ፣ ቆሻሻ ልደፋ ስገባ አነበብኩት። የሁሉም ስም አለ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ የጎተተው ሳይቀር። ከእኔ ፊት ሥር ግን «አሮጊቷ» ብቻ ነው። ሲመጣ «እኔስ?» አልኩት። «እማማ፣ ማንነትዎ ባይታወቅ ይበልጥ ያስፈራል፤ ማስታወቂያ እንዲህ ነው» አለኝ። «ልጄ፣ ሳልታወቅ ስልሳ ዓመት ኖሬያለሁ፤ አንድም ሰው ፈርቶኝ አያውቅም» አልኩት። መሳቅ አማረው፣ ግን አልሳቀም። ከነአባቴ ይጻፍልኝ አልኩ። እንዳልሳሳት ይጻፉልኝ ብሎ እስክሪብቶ ሰጠኝ። ስጽፍ አጠገቤ ቆሞ ቆየና ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀኝ። «እንዲህ ያለ ፊደል በኮምፒውተር ዓመት ብደክም አላመጣውም» አለና እንዳለ አነሣው። ስለዚህ ጋሼ፣ ከፊቴ ሥር ያለው ጽሑፍ ማሽን የጻፈው አይደለም። የእጄ ነው።

ስለ ልጠፋውም እኔን ነው ያማከሩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ፖስተር ስፍቅ ኖሬ የቱ እንደሚነበብ የቱ እንደሚረሳ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ዋናው በር ላይ ማንም አይቆምም፤ ሰው የሚቆመው አሳንሰሩ ፊትና መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ነው አልኳቸው። በፕላስተር ከለጠፋችሁት በማግስቱ ይወድቃል፣ ሙሉውን በሙጫ ካጣበቃችሁት ግድግዳው ይላጥና ለእኔ ሥራ ይተርፈኛል፤ አራቱን ማዕዘን ብቻ ሙጫ አስነኩት አልኩ። ከፖስተሩ በፊት የምትወጣ ትንሽ ወረቀትም አለች። ከቁልፍ ሥዕልና ከቀኑ በቀር ምንም የለባትም፤ በየክፍሉ በር ቁልፍ ቀዳዳ ሥር ትለጠፋለች። ያቺ የእኔ ሐሳብ ናት። የሥራ ጓደኞቼ «ፖስተር ፋቂዋ ፖስተር ሆነች፤ እንግዲህ አንቺን ማን ሊፍቅሽ ነው?» እያሉ ሲስቁብኝ ሰነበቱ። አንተ «አስፍቂው» ስትለኝ ያ ትዝ አለኝ።

ድምፅህን ለባለ ኮፍያዋ አሰማኋት። ፊቷ ተለወጠ። ፖስተሩ ታትሞ በጥቅል ተቀምጧል፤ ሐሙስ ይለጠፋል፣ ቅዳሜ ፊልሙ ይታያል። ግን የእኔ የፈቃድ ወረቀት ሳይፈረም ኮሌጁ አንዱንም አያስወጣም። «ከቤተሰብዎ ከሚያጣላዎት እንተወዋለን፤ ካሉም ስሙን በነጭ ወረቀት እንሸፍነዋለን» አለችኝ። መመረቂያዋ ነው፤ እንዲህ ማለት ለእሷ ቀላል አይደለም። ሁለት ቀን አሰብኩ። አልዋሽህም፣ በመጀመሪያው ቀን ይሸፈን ብዬ ነበር። ከእናት ከአባት የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነህ። በሁለተኛው ቀን ድምፅህን ደግሜ ሰማሁት። «የአባታችን ስም» አራት ጊዜ አልክ። የእኔን ስም አንድ ጊዜ አልጠራኸውም።

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ስታወጣ የጽዳት ካፖርቴን አየችና፣ ምንም ሳትጠይቀኝ የጣት ቀለሙን ወደ እኔ ገፋችልኝ። መልሼ ገፋሁላት። «ላንብበው» አልኳት። ሦስት ገጽ ነው። መነጽሬን አደረግኩ፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ሰልፍ ተሠራ። አንዱ «እማማ፣ ፈርመው አይሄዱም? ሁሉም ያው ነው» አለኝ። «ያው አለመሆኑን አይቼዋለሁ» ብዬ ንባቤን ቀጠልኩ። ያልገባኝን ቃል ጠየቅኩ፤ «ለማናቸውም አገልግሎት» የሚለውን አሰርዤ «ለዚህ ፊልም» አስባልኩ። ከዚያ ፈረምኩ፤ ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም። ጸሐፊዋ የቀለሙን ክዳን ዘጋች።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ሐሙስ አልፏል። ቤቱን ጠይቄህ አላውቅም፤ ዛሬም አልጠይቅህም፤ ኑርበት። ስም ግን ግቢ አይደለም ጋሼ፤ በሜትር አይለካም፣ አንዱ ለአንዱ አይለቅቀውም። አባታችን ያንተን ያህል የእኔም ናቸው። ከፈራህ ፊትህን አዙር እንጂ እኔ የእኔን አላወርድም።

ፖስተሩን አጥፌ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ሳሎን ስቀለው አልልህም። ከመቅደድህ በፊት ግን አንዴ ፊት ለፊት እየው። ከሥሩ የተጻፈውን ደግሞ ጮክ ብለህ አንብበው፤ ስሜ ከአፍህ ከወጣ ብዙ ዘመኑ ነው።

ለባለቤትህ፦ የላክሽልኝ ሹራብ ልክ ሆኖኛል፤ እጅሽ ይባረክ በልልኝ። ለትልቁ ልጅህ፦ እንደ አባቱ ለሥራ ከመቸኮሉ በፊት ቁርሱን ይብላ። ለታናሿ፦ ትሬለሩንም እልክላታለሁ፤ በቀን ትየው፣ ብቻዋን አትየው። ለአማትህ፦ ዓይናቸው ደክሞ ከሆነ ፖስተሩን አታሳያቸው፣ አንብብላቸው። ለአንተም፦ ጉልበትህን በሙቅ ውሃ እሸው፤ ተቆጥቼብሃለሁ እንጂ አልጣልኩህም።

ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከመወልወያ ማስቀመጫዋ ክፍል
ማክሰኞ፣ የካቲት 18 ቀን

እህትህ፤
ስሜን ፖስተሩ ላይ ታገኘዋለህ።