ስለ ኖላዊትና ስለ ሽማግሌው አብራሪ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ክረምት ሲገባ የሚጠዘጥዝዎ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የእማዬስ ደም ግፊት? ጨው ቀንሳለች ወይስ እንደ ልማዷ በሐኪሙ ታሾፋለች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የሲያትልን ካፊያ ከመልመዴ የተነሳ ጃንጥላ መያዝ እንኳ ትቻለሁ። እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎ!

በስልክ የኖላዊትን ነገር ባነሳሁ ቁጥር «ካርድሽ እንዳያልቅ» እያሉ ስለሚዘጉብኝ፣ ሐሙስ ወደ አገር ቤት በሚገባው በባልደረባዬ በበዛብህ እጅ በወረቀት መጣሁብዎ። እህቴ የአብራሪዎች ትምህርት ቤቱን መግቢያ ፈተና ስታልፍ «እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም» ማለትዎን፣ ከዚያ ወዲህም በአንድ ማዕድ ተቀምጣችሁ እንደማትነጋገሩ እማዬ ነግራኛለች። ከእልህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዕድሜዎን ሙሉ የአውሮፕላን ሞተር ሲጠግኑ ኖረው፣ አንድ ጠዋት በእጅዎ ቀበቶውን ያሰሩለት የልብ ጓደኛዎ አብራሪው ጳውሎስ በርሮ ሳይመለስ ቀረ። ልጆች ሆነን እንኳ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰሙ ጉርሻዎን እንደያዙ ይቀሩ ነበር።

አሁን አንድ ሰው ላስተዋውቅዎ። ማውንት ቤከር በሚባለው ሰፈር ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው ሚስተር ኤልዉድ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ አሉ። ዘጠና ሊሞላቸው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ነበሩ፤ ከጣሊያን አገር እየተነሱ እስከ ጀርመን ድረስ ቦምብ ጣዮቹን ያጅቡ ነበር። ጣሊያን ሲሉኝ ፊቴ ተለዋውጦ ኖሮ፣ «አይዞሽ፣ ሙሶሊኒ ከወደቀ በኋላ ነው የገባነው» ብለው ሳቁብኝ።

ከጦርነቱ ሲመለሱ መርከቡ መውረጃ ላይ ነጭ በዚህ፣ ጥቁር በዚያ የሚል ጽሑፍ ተቀበላቸው። አብራሪነት ሲጠይቁ አንዱ አየር መንገድ ሻንጣ ተሸካሚ ሁን አላቸው። ጥለው ወጡ። ከዚያ እዚሁ ሶዶ በሚባለው የመጋዘን ሰፈር ሣጥን ሲያነሱ ሲያወርዱ ኖሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከአንድ ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሱ የሰፈሩን ልጆች መብረር ያስተምሩ ነበር። ይህን ሁሉ ቀልድ እያዋዙ ነው የሚያወሩት። የምናደደው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ብቻ ሲያለቅሱ አየኋቸው። የእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። እንደ አገራችን ወግ ጉልበታቸውን ልስም በርከክ ብል የወደቅሁ መስሏቸው ደንግጠው ክንዴን ያዙኝ። ኧረ አባባ፣ እንዲመርቁኝ ነው ብዬ አስረዳኋቸው። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው የሚያውቁትን ጸሎት ደገሙልኝና እንባቸው ወረደ። ለካ እሳቸው ወደ ጦርነት ሲሄዱ እናታቸው መብረራቸውን ጠልተው፣ ደህና ሁን እንኳ ሳይሏቸው ጀርባቸውን ሰጥተዋቸው ኖሯል። ጦርነቱ ሳያልቅም እናትየው ዐረፉ። ከጀርመን ጥይት ይልቅ ሰማይ ላይ የሚከተለኝ የእናቴ ጀርባ ነበር አሉኝ። እናታቸው እንዲያ ያደረጉት በፍርሃት እንጂ በጥላቻ እንዳልሆነ የገባቸው፣ እሳቸውም ልጅ ከወለዱ በኋላ ነው።

ትናንት ቅዳሜ ደግሞ ጆይስ የምትባል የድሮ ተማሪያቸው፣ ዛሬ የትልቅ አየር መንገድ ካፒቴን የሆነች ሴት፣ በትንሽ አውሮፕላን ልታንሸራሽራቸው መጣች። እኔም ከኋላ ተቀመጥኩ። የእርስዎ ልጅ ነኝና ስንነሳ ስለት ያልገባሁለት ታቦት የለም። ዓይኔን ስገልጥ መሪውን ለሽማግሌው ለቃላቸዋለች፤ ሻይ ሲጠጡ የሚንቀጠቀጠው እጃቸው ቀጥ ብሏል። እኔ ግን ከሁሉ ልቤን የነካው ሌላ ነው። ከመነሳታችን በፊት ጆይስ አውሮፕላኑን ዙሪያውን እየዞረች በእጇ ስትዳስስ፣ አንዷን ብሎን ተጠራጥራ ተመልሳ ስታያት፣ እርስዎን መሰለችኝ። ማን አስተማረሽ ብላት ወደ ሚስተር ኤልዉድ ጠቆመች፤ መጀመሪያ ያስተማሩኝ መፍራት ነው፣ መብረር ከዚያ በኋላ ነው የመጣው አለችኝ።

አባዬ፣ ፍርሃትዎን ይጣሉት አልልዎትም። ኖላዊትን ያስተምሯት ነው የምለው። ሞተር ሲታመም በድምፁ የሚለይ አባት እያላት ከማን ልትማረው ነው? ምዝገባው በጥቅምት መጀመሪያ ያበቃል። ልጅቷ ቃልዎን ጥሳ አትሄድም፤ አባዬ ካልመረቁኝ ይቅርብኝ ብላኛለች። እኔን የጨነቀኝ ይኸው ነው። ቀርታም አብራችሁ ብትኖሩ፣ በመካከላችሁ የሚቀመጠውን ዝምታ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣለሁ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ የላክሁላትን መድኃኒት ለጎረቤት እንዳታድል። ለትንሹ ወንድሜ ለናኦድ ጫማው በበዛብህ ሻንጣ ውስጥ እንዳለ ይንገሩልኝ፤ እግሩ ካደገ ጥፋቱ የእሱ ነው። ጎረቤታችንን እትዬ ተናኘን ጸሎታቸው አይለየኝ ይበሉልኝ። ሚስተር ኤልዉድም ለእርስዎ ሰላምታ ልከዋል፤ አባቴ ሞተር ጠጋኝ ናቸው ብላቸው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ነው የላኩት።

ለኖላዊት ለብቻዋ አልጻፍኩላትም። ሰላምታዬንም በሰው እንዳይልኩላት አደራ። የእሷን ሰላምታ እርስዎ ራስዎ ክፍሏ ገብተው፣ በአፍዎ ያድርሱልኝ።

ልጅዎ ፍቅርአዲስ
ሲያትል፣ መስከረም 9 ቀን 2003 ዓ.ም.