በጥቁር ክፈፍ ውስጥ የዋልኩበት እሁድ

ውድ ወንድሜ ቦሪል፣

ሞታለች መባሌ ውሸት መሆኑን እማዬ በስልክ ነግራሃለች። ሙሉውን ግን በእጄ ጽፌ ካልላክሁልህ አይወጣልኝም።

ቅዳሜ ከሥራ ፈተናው ስመለስ የኪስ ቦርሳዬን አውቶቡስ ውስጥ ጣልኩት። መታወቂያዬ እዚያ ውስጥ ነበር። ፈተናውን አልፌያለሁ፤ ግን ሰኞ ጠዋት የወደቡ ቢሮ ቀርቤ መታወቂያ አሳይቼ ካልፈረምኩ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል፤ አዲስ መታወቂያ ደግሞ በአንድ እሁድ አይወጣም። «እዚህ አገር ጫማህን ሳያወልቁ ካልሲህን ይሰርቁሃል» ትለኝ የለ? ያን ቀን አመንኩህ። ይህ ሥራ ካመለጠኝ አንተ ጋ ቫሌንሲያ እመጣለሁ ብዬህ ነበርና ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁ።

እሁድ በጓሮ በር ወጥቼ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ፤ ቢሮው ዝግ ነው። ስመለስ ግቢያችን በሰው ተሞልቷል። እማዬ ደረጃው ላይ ተዘርራ ጎረቤት ውሃ ይረጭባታል። ቅድም በእግሯ የወጣች ልጅሽ ሞታለች ሲሏት መኪና የገጨኝ መስሏታል። እትዬ ስቶይና ጥቁር ሻሻቸውን አስረው፣ ሁለት ነጭ አበባ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። አዩኝና አማተቡ።

«አንቺ አልሞትሽም እንዴ?»

«ማን ነገረዎት?»

«ዳቦ ቤቱ ጋ ተለጥፈሻላ። ፎቶሽ፣ ስምሽ፣ ጥቁሩ ክፈፍ።» ከዚያ እጃቸውን አዩና አንዷን አበባ መዘው ወደ አጥሩ ወረወሯት፣ የቀረችውን ሰጡኝ። «ጥንድ ለሙት ነው። አንቺ እያለሽ ጥንድ አላስታቅፍሽም።» ስላስለቀስኳቸው ደግሞ ጆሮዬን ቆነጠጡኝ።

ወደ ዳቦ ቤቱ ሮጥኩ። የሟቾች ማስታወቂያ የሚለጠፍበትን ምሰሶ ታውቀዋለህ፤ የከተማችን ሰው ሌላ ነገር ባያነብ እሱን ሳያይ አያልፍም። ከሙታኑ መሃል የመታወቂያ ፎቶዬ አፍጥጧል። ከሥሩ በደቃቅ ጽሕፈት «ቦርሳሽ እኔ ጋ ነው፤ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብያለሁ» ይላል። ያንን ማንም አላነበበም።

ምሰሶው አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጋሽ ጼኮ የሚባሉ ሽማግሌ የማር ማሰሮዎች ከፊታቸው ደርድረው ተቀምጠዋል። ጠዋት ማር ሊሸጡ ከገጠር በዚያው አውቶቡስ ሲመጡ ሾፌሩ ቦርሳዬን ወንበር ሥር አግኝቶ፣ እሱ መንገዱን ስለሚቀጥል፣ ለእሳቸው አደራ ሰጣቸው። እሁድ ክፍት ያገኙት ማተሚያ ቤት የሟች ማስታወቂያ የሚሠራው ብቻ ነው። እዚያ የምትሠራው ልጅም በለመደችው ወረቀት ላይ አተመችላቸው፤ ሂሳብ አልቀበልም አለች።

«ከጠዋት ጀምሮ ያለፈው ሁሉ እጄን ይዞ እግዜር ያጽናዎት ይለኛል» አሉኝ። «አንዷማ አቅፋኝ አለቀሰች። መጀመሪያ አስረዳ ነበር፣ በኋላ ሲደክመኝ አሜን ማለት ጀመርኩ።»

ቦርሳዬን ሰጡኝ፤ አንዲት ነገር አልጎደለችም። ገበያው ተበትኖባቸዋል፣ አውቶቡሳቸውም ሄዷል። ለምን ፖሊስ ጋ አስቀምጠውት እንዳልሄዱ ጠየቅኳቸው።

«ወረቀቱ ላይ ‹ቁጭ ብያለሁ› ብዬ ጽፌያለሁ እኮ» አሉ፣ ነገር እንደማይገባው ሰው እያዩኝ።

ሊያለቅስልኝ የመጣው ሰው ሁሉ ተከትሎኝ ኖሮ ማራቸውን እዚያው ተሻምቶ ገዝቶ ጨረሰው፤ የእትዬ ስቶይና ባል ደግሞ ጋሽ ጼኮን በመኪና ቤታቸው አደረሷቸው።

ሰኞ ፈረምኩ። ኃላፊው መታወቂያዬን አየ፣ ፊቴን አየ፣ «ዳቦ ቤቱ ጋ ያለሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ።

ነኝ አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ደረቴን ነፍቼ ነኝ ብዬ አላውቅም።

ቦሪል፣ እኔ አልመጣም። ከዛሬ ጀምሮ የዳኑብ ወንዝን የውሃ ከፍታ የምለካው እኔ ነኝ። ያዘጋጀህልኝን አልጋ አከራየው፤ ይልቅ በበጋ አንተ ና፣ እኔ ወደቡ ላይ እቀበልሃለሁ።

የምትወድህ እህትህ፣
ኔቬና