ማንም ያላየው ዙር

ውድ ጋሼ፣

ይህን የምጽፍልህ ምግብ ጠረጴዛው ጋ፣ አንተ ትቀመጥበት ከነበረው ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ኮምፒውተሩ የጻፍኩትን መልሶ ያነብልኛል። «ውድ ጋሼ» ሲል እንደ ዜና አንባቢ ኮስተር ስላለ እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ «ማን ሞተ?» አለችኝ። ማንም አልሞተም። ፈተናው ትናንት ነበር። እማዬ በስልክ «አለፈች!» ብላህ በደስታ ጎረቤት ልትጠራ እንደሮጠች ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ በስልክ ላወራህ ስሞክር ናፍቆቱ ድምፄን ይቆራርጥብኛል፤ ስለዚህ የሆነውን ሁሉ እዚህ ልንገርህ።

ዓይኔ ብርሃኑን ካጣ ጀምሮ እጄን ይዘህ ትምህርት ቤት ስታመላልሰኝ የኖርከው አንተ ታላቅ ወንድሜ ነህ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊዚክስና የከዋክብት ትምህርት መረጥኩ ስል ዘመድ አዝማዱ አፉን ይዞ ሲቀር፣ አንተ ብቻ «ምን ያስፈልግሻል?» ብለህ ጠየቅከኝ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ያ ውጤት ስለሚቆርጥ ተማሪው «ጎራዴ» የሚለው መምህር፣ ቢሮው ያስጠራኝን ቀን ታስታውሳለህ። ክፉ ሰው አይደለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጄ፣ የከዋክብት ትምህርት በዓይን የሚሠራ ነው። ወደ ሌላ የትምህርት ክፍል ብትቀየሪ ይሻልሻል። እምቢ ካልሽ በቃል እፈትንሽና እንወስናለን» አለኝ። ቤት ገብቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። መጥተህ እግሬ ሥር ተቀመጥክ፤ ልብስህ ሙጫና የእንጨት ብናኝ ይሸት ነበር።

«ምን ላይ ነው የሚፈትንሽ?»

«የምድር ዘንግ መዞር ላይ።»

«እሱ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?»

«ምድር የምትሽከረከረው ዘመም ብላ ነው። ያ የዘመመው ዘንግ ራሱ ደግሞ ቀስ ብሎ ክብ ይሠራል። አንዱን ዙር ለመጨረስ ሃያ ስድስት ሺህ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ዛሬ ሰሜንን የሚያሳየው ኮከብ ሁልጊዜ እዚያው አይቆይም ማለት ነው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት ፀሐይ የምትገኝበት ቦታም ከዋክብቱ መካከል ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ይሄዳል።»

ሳቅክ። «እኔ አንዱም አልገባኝም፤ የሚገባኝ እንጨት ነው። ምን እንደሚመስል ንገሪኝና ልሥራው።»

ከታች ሹል የሆነ፣ ከላይ ረዘም ያለ ዘንግ ያለው እሽክርክሪት ቀረጽክልኝ። የመጀመሪያው ቀለለና እንደ ሰካራም ተንገዳግዶ ቁም ሳጥን ሥር ገባ። ሌላውን ስትሠራ እማዬ «ቤቴን መጋዝ ቤት አደረጋችሁት!» እያለች መጥረጊያ ይዛ ትከተልህ ነበር። በመጨረሻ ከባድ እንጨት አገኘህ፤ የዘንጉን ጫፍ እንዳይቧጭረኝ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስከው። አሽከረከርከውና መዳፌን ከጫፉ በላይ ዘርግተህ ያዝክልኝ። መጀመሪያ ትንሿን ጣቴን ሥሯ ላይ ነካኝ፤ ከዚያ ወደ ሌባ ጣቴ፣ ወደ አውራ ጣቴ ሄደ፤ ዞሮ ተመለሰ። መዳፌ ላይ ክብ ተሣለ።

«ጋሼ፣ ዞረ! ዞረ እኮ!»

አፍንጫህን በእጅጌህ ስትጠርግ ሰማሁህና «ምን ሆንክ?» ብልህ «ብናኙ ነው» አልከኝ። እሺ፣ ብናኝ ይሁን።

ከዚያ ሳምንት ሳያልፍ ሩቅ ከተማ ካለ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ለሥራ ተጠራህ። ለእማዬ በሹክሹክታ «እሷን ጥዬ የት እሄዳለሁ?» ስትል በግድግዳው በኩል ሰማሁ። ወጥቼ «ትሄዳለህ!» አልኩህ።

«መንገድ ማን ያሻግርሻል?»

«ዱላዬ።»

«ዱላ አይናገርም።»

«ተመስገን! አንተ መቼ ዝም ብለህ አሻግረኸኝ ታውቃለህ?»

ስቀህ ተሸነፍክ። አውቶቡሱ እስኪነሳ መስኮቱ ሥር ቆሜ ስስቅልህ የነበረው ግን ደስ ብሎኝ እንዳይመስልህ።

ትናንት እሽክርክሪቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ብቻዬን ሄድኩ። ጎራዴ የጠየቀኝን ሁሉ መለስኩ፤ ስሌቱንም በቃሌ ሠራሁለት። ሲያበቃ ተነፈሰና «ጎበዝ ነሽ። ግን ልጄ፣ የምታወሪው ስላላየሽው ነገር ነው» አለኝ።

«እርስዎ አይተውታል?» አልኩት።

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። አፌን ምን ነካው አልኩ በልቤ፤ ግን አንዴ ወጥቷል።

«ዙሩን ማለቴ ነው» አልኩ። «አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ሰማይ ላይ ቢያፈጥ፣ የሚንሸራተትለት የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ሙሉውን ዙር ማንም አላየውም። መጀመሪያ የደረሰበትም ሰው የራሱን ልኬት ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመውት የኖሩ ሰዎች ከተዉት ጋር አስተያይቶ ነው ያወቀው። እዚህ ላይ እኔና እርስዎ እኩል ነን።»

እሽክርክሪቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። «ዓይንዎን ይጨፍኑና መዳፍዎን ይስጡኝ።» ይጨፍን አይጨፍን እንጃ፤ እኔ በምን አያለሁ? እጁ ግን መጣ፤ ትልቅና ቀዝቃዛ ነው። ጠረጴዛው ላይ አሽከረከርኩት። እሽክርክሪቱ ሲያጉተመትም የሰውዬው ትንፋሽ ተገታ። ሲወድቅ እንደ ልጅ «እስቲ ድገሚልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። አሁንም ድገሚ አለኝ።

በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገና «በሚቀጥለው ሴሚስተር ከክፍል እንዳትቀሪ፤ ቀሪ አልወድም» አለኝ። ዱላዬ እየቀደመኝ ደረጃውን ወረድኩ። በሩ ላይ ቆሜ የማላውቀውን ሰው «አለፍኩ!» አልኩት፤ እሱም «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎኝ ሄደ።

ጋሼ፣ በቀደም «ከከበደሽ እመለሳለሁ» ብለኸኛል። አልከበደኝም ብልህ ውሸት ነው። ማታ ማታ ጫማህን ስታወልቅ የምታንጎራጉረው ዜማ ይናፍቀኛል፤ አንዳንዴ ሳላውቀው ጆሮዬን ወደ በሩ አደርጋለሁ። ግን ለእኔ ብለህ እንዳትመለስ። እኔን መጠበቅ ሥራህ የሆነ ያህል ኖረሃል፤ አሁን ለራስህ ኑር። ስንናፍቅህ ብቻ ና።

ስትመጣም ብቻህን አትምጣ። ያቺን ፋብሪካው ውስጥ ቀለም የምትቀባዋን ልጅ ይዘሃት ና። ስለ እሷ ስታወራ ድምፅህ እንደሚለሰልስ ያልሰማሁ መሰለህ? ለእማዬ እስካሁን ትንፍሽ አላልኩም። መናኸሪያው ድረስ መጥቼ እቀበላችኋለሁ፤ መጀመሪያ ሰላም የምለውም እሷን ነው።

የምትወድህ ታናሽህ፣
ሚጣ