በረንዳው አረንጓዴ ሲበራ

ተጌ ዓለሜ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የሚጠየቀው ጤና ነው። አንተን ግን ጤናህን ልጠይቅህ ስለማልችል በቤታችን ወሬ ልጀምር። ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ነው። ሙት ዓመትህ የሚታሰበው በመጪው ሳምንት ነው፤ ጥቁሬን ገና አላወለቅሁም። የበረንዳው መብራት ግን እንደገና መሥራት ጀምሯል፤ የምጽፍልህም ስለ እሱ ነው።

የሱቅህን ቁልፍ ለአከራዩ መለስን። ጠግነህ ያልጨረስኻቸውን ቴሌቪዥኖች ባለቤቶቻቸው እየመጡ ወሰዱ። አንዲት ሴትዮ ግን ሬዲዮዬን ከእሱ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈልግም ብላ፣ እንደተፈታ በፌስታል ይዛው ሄደች። ልጃችን ህሊና ባሕር ዳር ሥራዋ ላይ ናት፤ ማታ ማታ ትደውላለች። እኔ ሳሎን መቀመጥ ትቻለሁ። የምውለውም የማመሸውም ማድ ቤት ነው። የሚታጠበው አንድ ሳህን ብቻ ስለሆነ ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ ቢሆንም ከዚያ አልወጣም።

ቀለም የሚቀያይሩትን አምፖሎች ይዘህ የገባህበት ቀን ትዝ ይለኛል። ይሄ ለሠርግ ቤት ነው ብዬ ሳቅሁብህ። አንተ መብራቶቹን የምታዝ አንዲት ነጭ ሣጥን ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀመጥህ፤ አምፖሎቹን አንድ በአንድ ከእሷ ጋር አገናኘህ፤ ስልክህ ላይም ለእያንዳንዳቸው ስም አወጣህ። የሳሎን። የማድ ቤት። የበረንዳ። ራስጌዬ ያለውን ግን «የሷ» ብለህ ጻፍኸው። ለምን ብልህ፣ ጋዜጣ ቤት ጽሑፍ ስታርሚ የኖርሽ ሰው ሁሉንም ለምን ትያለሽ ብለህ አለፍኸኝ።

ከሁሉ የተጨነቅህበት በረንዳው ነበር። ማድ ቤት ውኃ ከፍቼ ሳለሁ የግቢው በር ቢንኳኳ አይሰማኝም። አንተ ደግሞ ቁልፍ መያዝ ትረሳለህ፤ በገዛ ቤቴ አላንኳኳም ብለህም በሩ ላይ ቆመህ ትቀራለህ። ስለዚህ ስልክህ ከአጥሩ ደርሶ የቤቱን ዋይፋይ ሲያገኝ የበረንዳው መብራት ቀለሙን እንዲለውጥ አደረግህ። ብርሃኑ በማድ ቤቱ መስኮት ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ ወጥቼ እከፍትልሃለሁ።

መጀመሪያ የመረጥኸው ቀለም ቀይ ነበር፤ ደምቆ ይታያል ብለህ። ደጅ ላይ የሚበራ ቀይ መብራት ለአላፊ አግዳሚው ምን እንደሚነግር ሁለታችንም አላሰብንም። አንድ ምሽት ሁለት ሰዎች ተከትለውህ ገብተው በረንዳው ላይ ተደላድለው ተቀመጡና ቀዝቃዛ ቢራ አዘዙኝ። አንደኛው እንዲያውም ሙዚቃውን ምነው ዘጋችሁት አለኝ። አንተ ፊትህ ሳይለወጥ ሁለት ብርጭቆ ውኃ አመጣህላቸውና፣ ቤቱ ገና ፈቃድ አላወጣም፣ ለዛሬ ያለን ይሄ ነው አልሃቸው። ውኃቸውን ጠጡ። ሸጋ ቤት ነው፣ ፈቃዱ ሲወጣ እንመለሳለን ብለው ተሰናበቱ። በማግስቱ ጎረቤታችን እትዬ የሺ ከአጥሩ ማዶ ብቅ ብለው፣ ግሮሰሪው በስንት ሰዓት ይከፈታል ሲሉን ቀለሙን አረንጓዴ አደረግኸው።

ለመብራቱ ትእዛዝም ስም አወጣህለት። ስልኩ ሲጠይቅህ «መጣሁ» ብለህ ጻፍህ። ልማድ ሆኖብኝ ላርምህ ሞከርሁ፤ ሌሎቹ ስም ናቸው፣ ይሄ ግን ግስ ነው፣ «የመምጫ መብራት» በለው አልሁህ። መብራቱ የሚናገረው በእኔ ፈንታ ነው፣ እኔ ስደርስ መጣሁ ነው የምለው ብለህ እንቢ አልህ።

ከዚያ በኋላ ግድግዳው አረንጓዴ ሲሆን ወጡን እጥዳለሁ፣ ሁለተኛውን ሳህን አወርዳለሁ፣ እጄን እያደረቅሁ እወጣለሁ። በሩን ስከፍት መጀመሪያ የምታየው እኔን አልነበረም። መሥራቱን ለማረጋገጥ ወደ መብራቱ ቀና ትላለህ። ከዚያ በኋላ ነው ሰላም የምትለኝ።

ካረፍህ በኋላ ስልክህ ተዘግቶ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። አርባህ ሲወጣ ልብሶችህን ሰጠን። ህሊና ፎቶዎቹን ወደ ራሷ ካዛወረች በኋላ ስልኩን ለታላቅ ወንድምህ ለአያ ዘለቀ ሰጠናቸው። ከልብሱ ምንም አልፈልግ፣ ይሄ ይበቃኛል ብለው በመሐረብ ጠቅልለው ወደሚኖሩበት ወደ ድብ ባሕር ይዘውት ሄዱ። «መጣሁ» አብሯቸው መሄዱ ትዝ ያለው ማንም የለም።

ክረምቱ ገባ። መብራት እየሄደ ሲመላለስ የሚሆነውን ታውቃለህ። አምፖሉ ቶሎ ቶሎ ሲጠፋና ሲበራ ሰው ሆን ብሎ ያደረገው ይመስለውና የነበረበትን ሁሉ ይረሳል፤ እንደ አዲስ ሊተዋወቅ ብልጭ ድርግም ይላል። አንተ እያለህ፣ ደግሞ ረሳን ትልና ወንበር አውጥተህ ታስታውሰው ነበር። እኔ ማብሪያውን አጠፋሁትና ተውሁት። እትዬ የሺ ምነው ደጅሽን አጨለምሽው ቢሉኝም አላበራሁትም።

ባለፈው ወር ህሊና፣ ለሙት ዓመቱ ሰው ስለሚገባ ተራ አምፖል ግዢ አለችኝ። አልገዛሁም። ወንበር አወጣሁ፤ እሷም በስልክ መራችኝ። ማብሪያውን ደጋግሜ አጠፋሁ፣ አበራሁ። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ ነጯ ሣጥን ፈልጋ አገኘችው፤ ስልኬ ላይ ስም ጠየቀችኝ። «የበረንዳ» ብዬ ስጽፍ ከሥሩ «መጣሁ» ብቅ አለ። ይገናኝ ወይስ ይሰረዝ ይላል። ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ሰርዢው እማዬ፣ ከእንግዲህ ማንን ይጠብቃል አለችኝ። እውነቷን ነው። ቢሆንም አገናኘሁት። ለእሷ አልነገርኋትም፤ ይህን ስታነብ ታውቃለች።

ትናንት አመሻሽ ላይ ሳህን እያጠብሁ ቀና ስል ግድግዳው አረንጓዴ ሆኗል።

አልጮህሁም፣ አላማተብሁም። ወጡን ጣድሁ። ሁለተኛውን ሳህን አወረድሁ። እጄን እያደረቅሁ ወጣሁ። በሩን እስክከፍት ድረስ የመጣኸው አንተ ነበርህ።

አያ ዘለቀ ለሙት ዓመቱ ያመጡትን የባቄላ ከረጢት እግራቸው ሥር አስቀምጠው ቆመዋል። እሳቸውም እንደ አንተ አያንኳኩም። ፊቴን አይተው፣ ምነው እቴ ታመሻል አሉኝ። እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። ባወረድሁት ሳህን አቀረብሁላቸው፤ እየበሉ ሁሉን ነገርኋቸው። መብላት አቆሙ። ስልኩን ከመሐረቡ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉት። እንግዲያ ሳላውቅ የሱን ቃል ይዤ ነው የምዞር አሉ። መልሼ ልስጥሽ፣ አለዚያም ስመጣ ከተማው መግቢያ ላይ አጠፋዋለሁ አሉኝ። እንቢ አልሁ። ከእንግዲህ ወደዚህ ቤት ሳያንኳኳ የሚመጣ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም በሩ ላይ ቆመው እንዲቀሩ አልፈልግም።

ስለዚህ አንዲት እርማት አደረግሁ። የአንዱን ንግግር በሌላው አፍ ማድረግ በእኔ ሥራ ነውር ነው። «መጣሁ» የተናገርኸው አንተ ነህ። ለአያ ዘለቀ «መጡ» የሚል አዲስ ትእዛዝ ጻፍሁላቸው። ቀለሙን ቀይ ላድርገው ወይ ብላቸው፣ በእርጅናዬ ግሮሰሪ አታስከፍችኝ ብለው ሳቁ፤ ከአንተ ወዲህ በዚህ ቤት ሲሳቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ቢጫ አደረግሁት። ልንሞክረው ከአጥሩ ርቀው ሄደው ተመለሱ። ቢጫው በራ። አያ ዘለቀ እኔን ሳያዩ ወደ መብራቱ ቀና አሉ። ፊቴን ወደ ጓሮ አዞርሁ።

«መጣሁ»ን አልሰረዝሁትም። ከስልክም ከአምፖልም ሳይገናኝ ስሙ ብቻ ተቀምጧል። አረንጓዴውን ለማንም አልሰጥም።

ዛሬ ጠዋት አያ ዘለቀ በግ ሊገዙ ወደ ማክሰኝት ገበያ ሄዱ። ከአጥሩ ሲርቁ ቢጫው ጠፍቶ ተራው ነጭ ተመለሰ። ይህን እየጻፍሁ ሳለ መብራት ሄዶ መጣ፣ እንደገና ሄዶ መጣ። በረንዳው ብልጭ ድርግም እያለ ነው፤ ደግሞ ረሳ። ወንበሩን ላወጣ ነው፣ ተጌ። በረሳ ቁጥር ቁጭ ብዬ አስታውሰዋለሁ። «መጣሁ» ማን እንዳለ ግን ለእኔ አስታዋሽ አያስፈልገኝም።

ሚስትህ